ስድስተኛዋን ላም ከመግዛታችሁ በፊት

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። «አምስት ላም አለኝ፤ ወተቱ ግን ወጪውን አይሸፍንም። አንድ ልጨምር?» ጠያቂዎቹ የሱሉልታ፣ የሰበታ፣ የቢሾፍቱ፣ የደብረ ብርሃን ሰዎች ናቸው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ከአምስቱ ዛሬ ጠዋት ስንቱ ታለቡ?» ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለት ወይም ሦስት ነው። የቀሩት ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ሠራተኛ ይዘው ይውላሉ፤ ወተት ግን የላቸውም።

እስቲ አብረን እናስላ። አንዲት ላም በየ13 ወሩ ብትወልድና ከመውለዷ በፊት 60 ቀን ብታርፍ፣ ከ395 ቀን ውስጥ 335ቱን ትታለባለች። እንዲህ ያሉ አምስት ላሞች ያሉት ሰው በማንኛውም ቀን በአማካይ ከ4 በላይ ያልባል። በየ18 ወሩ የምትወልድ ላም ግን 300 ቀን ያህል ታልባ ትነጥፋለች። ከዚያ ወደ 250 ቀን የሚጠጋውን ጊዜ ያለ ወተት ትቀለባለች። አምስቱም እንዲህ ከሆኑ በቀን የሚታለቡት 3 እንኳ አይሞሉም። ልዩነቱ አንድ ላም ተኩል ነው። ስድስተኛዋ ላም እዚያው በረታችሁ ውስጥ ናት።

ይህን የምጽፈው ከሦስት እስከ አሥር ድቅል ላም ላለው፣ ደጋ ወይም ወይና ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት። የመጀመሪያው ካልተሠራ የቀረው በጨለማ መዳበስ ይሆናል።

1. ደብተር ግዙ

ባደግሁበት ቤት አራት ላም ነበረን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ከበረቱ በር ጀርባ በከሰል የምታሰምረው ነገር ነበራት። አንዲት ላም ኮርማ ከፈለገችበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰረዝ ታሰምራለች። ሰረዙ 20 ሲደርስ ሌሊት ሳይቀር ተነስታ ታያታለች። ያ በር የቤታችን መዝገብ ነበር። ዛሬ ደብተርም ስልክም ይዘን ያንን ያህል የማናውቅ ብዙ ነን።

ለእያንዳንዷ ላም አንድ ገጽ ስጡ። ስሟን፣ የወለደችበትን ቀን፣ ኮርማ የፈለገችበትን ቀን፣ የተዳቀለችበትን ቀንና የኮርማውን መለያ ቁጥር፣ እርግዝናዋ የታየበትን ቀን፣ የምትነጥፍበትን ቀን፣ የታመመችበትንና የተሰጣትን መድኃኒት ጻፉ። ከጎኑ የጠዋትና የማታ ወተቷን በሊትር አስፍሩ። ሁሉንም ወተት አንድ ባልዲ ውስጥ ከመገልበጣችሁ በፊት የእያንዳንዷን ለብቻ ለኩ። በመስመር የተለካ አንድ ጆግ ይበቃል።

ሌላ ገጽ ላይ ወጪውን ጻፉ፦ መኖ፣ ደመወዝ፣ ሕክምና፣ ማዳቀያ፣ ትራንስፖርት፣ ኪራይ። የራሳችሁንና የቤተሰባችሁን ጉልበት አትርሱ። ቤት ውስጥ የተጠጣውን ወተትም እንደተሸጠ ቁጠሩት። በ30ኛው ቀን ጠቅላላ ወጪውን ለጠቅላላ ሊትሩ አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር አንድ ሊትር ወተት እናንተን ስንት እንደሚያስወጣችሁ ይነግራችኋል። ከዚያ በፊት «ዋጋው አያዋጣም» ማለት ግምት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው መኖ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳትለውጡ መዝግቡ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የምትነሱበትን ቦታ ሳታውቁ መሻሻላችሁን አታውቁም።

2. ባዶ ቀኖችን አሳጥሩ

ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች። ከወለደች ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መፅነስ አለባት። እርግዝናው 283 ቀን ገደማ ነው። በ85 ቀን ከፀነሰች በዓመት ከጥቂት ቀን ወለደችላችሁ ማለት ነው። አንድ ዙር ባመለጣችሁ ቁጥር 21 ቀን ጠፋ። ሦስት ዙር ከሁለት ወር በላይ ነው።

ለምን ያመልጠናል? አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው ጩኸቷን ነው። ድቅል ላም ደግሞ፣ በተለይ በጠባብ በረት ታስራ የምትውል፣ ሁሌ አትጮህም። ፍላጎቷ ብዙ ጊዜ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይጀምራል፤ የሚቆየውም ከ12 እስከ 18 ሰዓት ገደማ ነው። እኛ እንደተኛን ጀምሮ እኛ ገበያ ሄደን ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጎህ ሲቀድና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ለ20 ደቂቃ ሌላ ሥራ ሳትሠሩ ላሞቹን ብቻ ተመልከቱ። ቢቻል ፍቷቸውና ግቢ ውስጥ ይንቀሳቀሱ። ዋናው ምልክት ሌላዋ ስትወጣባት ዝም ብላ መቆሟ ነው። የምትወጣዋ ሳትሆን የምትቆመዋ ናት ፈላጊዋ። ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ፣ የሚለጠጥ ፈሳሽ ይወርዳል። ወተቷ በዚያ ቀን ይቀንሳል፤ ይህንን ደግሞ ደብተሩ ይነግራችኋል። ትቁነጠነጣለች፣ መኖ ትተዋለች፣ ጅራቷ ሥር ያለው ፀጉር ይቆማል።

ጠዋት ካያችኋት ማታ ትዳቀል። ማታ ካያችኋት በማግስቱ ጠዋት። ለአዳቃዩ ባለሙያ የምትደውሉት ግን ወዲያው እንዳያችኋት ነው፤ እሱም መንገድ አለበት፣ ሌላ ደንበኛም አለው። እሑድና በዓል ቀን የሚመጣ የሁለተኛ ባለሙያ ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። ላም ቅዳሜና እሑድን አትለይም።

ከተዳቀለች በኋላ 18ኛውን ቀን ደብተሩ ላይ አክብቡና እስከ 24ኛው ቀን በደንብ ጠብቋት። ካልፈለገች ተስፋ ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። በ60 እስከ 90 ቀን ውስጥ በባለሙያ እጅ ትታይ። «አርግዛለች» ተብላ ስምንት ወር ተቀልባ ባዶ የወጣች ላም ቤታችን ውስጥ አይቻለሁ። የዚያን ዓመት የእናቴን ፊት አልረሳውም።

ከወለደች 60 ቀን አልፏት ጭራሽ ካልፈለገች ቀድማችሁ የጎን አጥንቷን ተመልከቱ። ከከሳች ችግሩ ማሕፀኗ ሳይሆን መኖው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሰውነቷ ራሷን ሳይችል ለሌላ ነፍስ አይዘጋጅም። የእንግዴ ልጅ ከዘገየባት፣ መግል የመሰለ ፈሳሽ ካላት ግን ሐኪም ጥሩ።

ስለ ደም መጠን፣ ማለትም ላሟ ምን ያህል የውጭ ዝርያ እንዳላት፣ አንድ ነገር ልበል። «መቶ ፐርሰንት ፍሪዥያን» የሚለው ነገር ብዙ ሰው አክስሯል። የውጭ ደሟ በጨመረ ቁጥር የምትፈልገው መኖ፣ ውኃ፣ ጥላና ሕክምና ይጨምራል። መኖው በዓመት ውስጥ ለሚቆራረጥ ቤት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ የውጭ ደም ያላት ላም ትሻለዋለች ብዬ አምናለሁ። ቅቤና እርጎ ለሚሸጥ ደግሞ ጀርሲ የተባለውን ዝርያ አስቡበት። ሰውነቷ አነስ ያለ ነው፤ ትንሽ ትበላለች፤ ወተቷ ቅቤው የበዛ ነው። የኮርማውን ቁጥር የምትጽፉትም ልጅቷን በአባቷ ዘር እንዳታስዳቅሉ ነው።

3. ውኃ መጀመሪያ፣ ፋጉሎ ኋላ

ወተት 87 በመቶው ውኃ ነው። የምትታለብ ድቅል ላም እንደ ወተቷና እንደ ሙቀቱ በቀን ከ60 እስከ 100 ሊትር ልትጠጣ ትችላለች። ብዙ ቤት ግን በቀን ሁለት ጊዜ በባልዲ ይሰጣታል። ባልዲው ሲያልቅ እሷም እንደጠጣች ይቆጠራል። መኖ ሳትጨምሩ ወተት ልታዩ የምትችሉበት ቀላሉ ለውጥ ገንዳው 24 ሰዓት ንጹሕ ውኃ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ወይም ሮቶ ግዙ። ገንዘብ ካላችሁ ከመኖ ማሽን በፊት ሮቶው ይቅደም።

አሁን ወደ መኖው። ላም በቀን ከክብደቷ 3 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ትበላለች። 400 ኪሎ የምትመዝነው 12 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ መሠረቱ ድርቆሽ፣ ጭድና ሣር ነው። ፉርሽካና ፋጉሎው (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ቅሪት) ተጨማሪ ነው። ብዙዎቻችን ግን ተገላቢጦሽ እናስባለን፤ መሠረቱን በጭድ ብቻ ሞልተን ወተቱን በውድ ፋጉሎ ለመግዛት እንሞክራለን። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ከ5 በመቶ ብዙም አያልፍም።

መሠረቱን በርካሽ የምታሻሽሉባቸው መንገዶች አሉ።

ድርቆሽ በወቅቱ ግዙ። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የሚሸጠውና ግንቦት ላይ የሚሸጠው ዋጋው አይገናኝም። ለብቻ አቅም ከሌላችሁ ከሦስት ጎረቤት ጋር አንድ መኪና ጫኑ። ስትገዙ ቀለሙን እዩ፣ አሽትቱት። አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ቅጠል ያለው፣ ሣሩ ሲያብብ የታጨደ ጥሩ ነው። ፍሬው ረግፎ ቢጫ ከሆነ በኋላ የታጨደ ድርቆሽ ከጭድ ብዙም አይሻልም።

ጭዱን በዩሪያ አክሙት። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ በደንብ አሟሙ። ጭዱን በላስቲክ ላይ በስሱ እየደረባችሁ ውኃውን እኩል እርጩ፣ በእግር እየረገጣችሁ ጠቅጥቁ። ከዚያ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍናችሁ ለ21 ቀን ዝጉ። ስትከፍቱ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ለዕለቱ የሚበቃውን ማታ አውጥታችሁ በትኑት፣ ጠዋት ስጡ። መጀመሪያ ጥቂት ጥቂት እያለማመዳችሁ ነው። ሁለት ነገር በጥብቅ፦ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ለሆኑ ጥጆች አይሰጥም። ዩሪያ የተሟሟበት ውኃም ከብት በማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ ከጠጡት ይገድላቸዋል።

ትንሽም ብትሆን መሬት ካለቻችሁ መኖ ትከሉባት። ደጋ ላይ አጃና ጓያ መሰሉ ቬች አብረው ተዘርተው ጥሩ ድርቆሽ ይወጣቸዋል። በአጥር ዳር ደሾ ሣር ወይም የዝሆን ሣር፣ ውኃ ካለ ደግሞ አልፋልፋ። አልፋልፋ ርጥቡን ለራበው ከብት አትስጡ፤ ሆዱን ይነፋዋል። ጠውለግ ካለ በኋላ ከድርቆሽ ጋር ቀላቅሉት።

ተጨማሪ መኖን በተመለከተ ቀላል መነሻ ልስጣችሁ። ለ100 ኪሎ ድብልቅ 50 ኪሎ ፉርሽካ፣ 25 ኪሎ ፋጉሎ፣ 23 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ፣ 1 ኪሎ ጨውና ለከብት የተዘጋጀ 1 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት። የመሠረቱ መኖ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሊትሮች ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ለምትሰጠው ለእያንዳንዱ ሊትር ግማሽ ኪሎ ድብልቅ ጨምሩ። የቢራ ፋብሪካ የብቅል ተረፈ ምርት ወይም የጠላ አተላ በቅርብ የሚያገኝ ሰው በልኩ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ትኩስነቱንና ሻጋታ የሌለው መሆኑን ግን በየጊዜው ይይ።

ቁልፉ «በልኩ» የሚለው ነው። 14 ሊትር የምትሰጠዋም 4 ሊትር የምትሰጠዋም አንድ ጣሳ የሚሰፈርላቸው ቤቶች አይቻለሁ። የመጀመሪያዋ ትራባለች፤ ሁለተኛዋ ትሰባለች፤ የሚከስረው ባለቤቱ ነው። ደብተራችሁ የእያንዳንዷን ወተት ስለሚያሳይ በየሳምንቱ ሰፍራችሁ ስጡ። ላም ወተቷ ጫፍ የሚደርሰው ከወለደች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የሳሳችሁባት ላም ጫፏ ዝቅ ይላል፤ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ዝቅ ካለ ጫፍ ነው የምትወርደው። በኋላ ብትጨምሩላትም አትመልስላችሁም።

ፋጉሎ ስትገዙ ሻጋታውን ፍሩ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተደረጉ ጥናቶች ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝተዋል፤ ወደ ወተቱ የሚገባበት ዋና መንገድ ሆኖ የተገኘውም የኑግ ፋጉሎ ነው። ይህ መርዝ ወተቱን በማፍላት አይጠፋም። የሚጠጡት ደግሞ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ፋጉሎን ለሁለት ሳምንት ከሚበቃው በላይ አታከማቹ። ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የሻገተውን «ቀላቅዬ ልጨርሰው» አትበሉ፤ ጣሉት።

መኖው መስማማቱንም ከላሞቹ ማየት ትችላላችሁ። እኩለ ቀን ላይ በረቱ በር ቆሙ። ከተኙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እያመሰኩ ከሆነ ጥሩ ነው። ዝም ካሉ የሚታኘክ ረዥም መኖ አንሷቸዋል።

4. የምታልቡበት መንገድ ላይ ቁም ነገር አለ

የጡት በሽታ ሲገለጥ ሁላችንም እናየዋለን፦ ግቱ ያብጣል፣ ይተኩሳል፣ ወተቱ ይቋጥራል። ብዙ ወተት የሚበላው ግን የማይታየው ነው። ላሟ ጤነኛ ትመስላለች፣ ወተቱም ነጭ ነው፤ ሊትሩ ግን ሳይታወቅ ይቀንሳል።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጡቶቿን በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ አጥባችሁ ለእያንዳንዷ ላም በተለየ ጨርቅ አድርቁ። አንድ ጨርቅ ለአምስት ላም በሽታን ከአንዷ ወደ ሁሉም ማዞር ነው። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ጭመቃ ጥቁር ሳህን ላይ አልቡ፤ ቋጠሮ ካለ ጥቁሩ ላይ ይታያል። ከዚያ ጡቱን በሙሉ መዳፍ ጨብጣችሁ አልቡ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ እየጎተቱ ማለብ ጡቱን ያቆስለዋል።

ከታጠበች በኋላ ወተቱን የምትለቅበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሳታቋርጡ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። በዚያ ሰዓት ስልክ አይነሳ፣ ውሻም በረት አይግባ። የደነገጠች ላም ወተቷን ትይዛለች። ስትጨርሱ ጡቱን በጡት መንከሪያ አዮዲን ንከሩና ገንዳው ላይ መኖ ስጧት። የጡቱ ቀዳዳ እስኪዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትተኛ ትቆያለች። የታመመችው ሁሌም መጨረሻ ትታለብ።

መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ሐኪሙ የነገራችሁ ቀን እስኪያልፍ አይሸጥም። እርጎ ለሚሠራ ደንበኛችሁ ወተቱ አልረጋ ያለው በዚህ ምክንያት ከሆነ ደንበኛው አይመለስም፤ እውነቱም ከእሱ ጋር ነው።

5. ከበረት እስከ ገዢው

ለብ ባለ ወተት ውስጥ ጀርም በየግማሽ ሰዓቱ ሊባዛ ይችላል። ለዚህ ነው ጠዋት 12 ሰዓት የታለበ ወተት በሙቀት 5 ሰዓት ላይ ማኪያቶ ቤት ደርሶ የሚቋጥረው። ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ ቢዶኑን እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጡና በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ አስረክቡ። የማታውን ከጠዋቱ ጋር አታቀላቅሉ። እኔ አንድ ጊዜ ቢዶን ለመቆጠብ ብዬ ቀላቅዬ 40 ሊትር ተበላሽቶብኛል።

የዘይት ጄሪካን ይቅር። አፉ ጠባብ ነው፤ እጅ ገብቶ አያጥበውም። አሉሚኒየም ቢዶን ውድ ቢሆንም ለዓመታት ያገለግላል። ለእርጎና ለቅቤ የሚሆነውን ዕቃ ግን በወይራ ማጠኑን አትተዉ፤ ደንበኛ የሚመጣው ለዚያ ሽታ ነው።

ውኃ መጨመርን በተመለከተ፦ ላክቶሜትር (ወተት በውኃ መቅጠኑን የሚያሳይ መለኪያ) ዋጋው ትንሽ ነው። ሰብሳቢው ያለው ዕቃ እናንተም ዘንድ ይኑር። ቁጥሩን ራሳችሁ ለክታችሁ ስታስረክቡ ዋጋ ለመደራደር አፍ ይኖራችኋል። በተለይ ሁለት ሦስት ካፌዎችን ወይም ሃያ ቤቶችን በቀጥታ የሚይዝ ሰው ከሰብሳቢ የተሻለ ዋጋ ያገኛል። በማኅበር መደራጀትም መኖ በጅምላ ለመግዛትና የጋራ ማቀዝቀዣ ለማቆም ይጠቅማል፤ ገንዘብ ያዡ በየወሩ ሒሳቡን ለሁሉም የሚያሳይ ከሆነ።

6. የጾሙን ወቅት ከላሟ ጋር አስታርቁ

ይህን የትም አገር የተጻፈ የወተት መጽሐፍ አይነግራችሁም፤ የእኛ ጉዳይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ላም ከመውለዷ በፊት ማረፍ ያለባት 60 ቀን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ መንገዱ ይታያል።

ሐምሌ 1 አካባቢ የተዳቀለች ላም ሚያዝያ 9 ገደማ ትወልዳለች። ከየካቲት 9 ጀምሮ ትነጥፋለች። ወተት ፈላጊ በሚጠፋበት ጊዜ እሷም አርፋ ትቆያለች፤ ፋሲካ ሲቃረብ ወይም ሲያልፍ ወተት ይዛ ትመጣለች። ታኅሣሥ 1 አካባቢ የተዳቀለችው ደግሞ መስከረም 9 ገደማ ትወልዳለች። ሐምሌና ነሐሴን ስለምታርፍ የፍልሰታው 15 ቀን በዚያው ያልፋል። ስትወልድም አገሩ አረንጓዴ ነው።

አምስት ላም ካላችሁ ሁለቱን ለሚያዝያ፣ ሦስቱን ለመስከረም አድርጉ ባይ ነኝ። ምክንያቱም ሚያዝያ ላይ መኖ ውድ ነው፤ ለዚያ ጊዜ ጥሩ ድርቆሽ አስቀድሞ መቀመጥ አለበት። በጾም ጊዜም ሕፃን ያለበት ቤት፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ደንበኛ ወተት ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ የማያቋርጥ አቅራቢ መሆን ደንበኛን የሚያስር ነገር ነው። በእርግጥ ላም ቀን ቆጥራ አትፀንስም። አንድ ዙር ብትስት እሷን ባዶ አስቀምጣችሁ ወሩን አትጠብቁ፤ ባዶ ቀን ከጾም ወተት ይልቅ ይጎዳል።

በጾም የተረፈውን ወተት ናጡት። ከድቅል ላም 1 ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ20 ሊትር በላይ ወተት ሊያስፈልግ ይችላል፤ አይቡም አብሮ አለ። ለፋሲካ ሲቃረብ የቅቤ ዋጋ ይወጣል። ግን በራሳችሁ ወተት አንዴ ሞክራችሁ አስሉ፤ በደብተራችሁ ላይ ካለው የአንድ ሊትር ወጪ ጋር አወዳድሩት። አንዳንዱ ሰው በቅቤው ሳይሆን በአይቡ ነው የሚያተርፈው።

7. ጥጃዋ

የነገ ላማችሁ ዛሬ የተወለደችው ናት። በተወለደች በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት እንገሩን ትጠጣ። በመጀመሪያው ቀን የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል ማግኘት አለባት፤ 30 ኪሎ ከሆነች 3 ሊትር ገደማ። ከአንድ ቀን በኋላ እንገሩ በሽታ መከላከያውን ወደ ደሟ ማስገባት አይችልም። እትብቷን በአዮዲን ንከሩ፣ ደረቅ ቦታ አስተኟት። ወተት የሚሸጥ ሰው ከጥጃ ይቆጥባል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የተራበች ጥጃ ግን ሦስት ዓመት አልፏትም ኮርማ አትፈልግም። በደንብ ያደገች ድቅል ጊደር በ15 እስከ 18 ወሯ ለማዳቀል ትደርሳለች። ወንዱን ጥጃ ቀድማችሁ ሽጡ።

8. የምትሄደዋን ለዩ

ከስድስት ወር በኋላ ደብተሩን ክፈቱና የእያንዳንዷን ወተት ዋጋና የበላችውን መኖ አስተያዩ። ሦስት ጊዜ በጥንቃቄ ተዳቅላ ያልያዘች፣ ሁለት ጡቷ የጠፋ፣ ከምትበላው በታች የምትሰጥ ላም ትኖራለች። ይከብዳል። ስም አውጥታችሁላታል፣ ልጆቻችሁ ጠጥተው አድገውባታል። ግን እሷን ለመቀለብ ስትሉ የሌሎቹን ቀለብ እየቀነሳችሁ ነው። ሳትከሳ፣ ለበዓል ገበያ ሽጧት።

9. አሁን ስድስተኛዋን ግዙ

የሚታለቡት ከአምስት አራት ሲሆኑ፣ ድርቆሹ እስከ ሰኔ የሚበቃ ሲሆንና ወተታችሁን ፈልጎ ያጣ ደንበኛ ሲኖራችሁ ያን ጊዜ ግዙ። በደላላ አፍ አትግዙ። ሻጭ ግቷ ትልቅ እንዲመስል ሳያልባት ሊያቆማት ይችላል። ስለዚህ ማታ ስትታለብ እዩ፤ በማግስቱ ጠዋትም ተመልሳችሁ እዩ። የሁለቱ ድምር ነው የቀን ወተቷ። አራቱንም ጡት በእጃችሁ ሞክሩ። የወለደችበትን ቀን ጠይቁ፤ መዝገብ ካለው ሰው ጥቂት ብር ጨምሮ መግዛት ያዋጣል።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴሎሲስ (ላም የሚያስወርድ በሽታ) ምርመራ ይደረግላት። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ እርባታዎች የከብት ሳንባ ነቀርሳ ስር የሰደደ ችግር ነው፤ ሁለቱም በሽታዎች ወደ ሰው ይተላለፋሉ። የአፍተግርና የሌሎቹ ክትባቶች መቼ እንደተሰጣት ጠይቃችሁ ጻፉ። ቤት ስትደርስ ለሦስት ሳምንት ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩዋት፤ ባልዲዋም ጨርቋም የራሷ ይሁን፣ የምትታለበውም መጨረሻ። የበላችውን መኖ ዓይነት ከቀድሞ ባለቤቷ ጠይቃችሁ ጥቂት ቀን ያንኑ ስጧት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ እናንተው አምጧት። የደብተሩን ስድስተኛ ገጽ ግን በመጣችበት ዕለት ማታ ክፈቱላት።